በፈረሳቸው ስም

ከሱሉልታ የተነሣው አውቶቡስ ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ወንዳፍራሽ ለፈተና ከያዘው መጽሐፍ አንዲት መስመር አልገፋም። አጠገቡ የተቀመጡት፣ ካፖርታቸው የፈረስ ላብ የሚሸት ሽማግሌ፣ ትራንዚስተር ራዲዮናቸውን አቅፈው ስለ ጃንሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም፣ ስለ ቡራዩ ቦታ መወደድ፣ ስለ ሽንኩርት ሳይቀር ይለፈልፋሉ።

«ልጄ፣ ቤት የሌለው ሰው፣ ሰው ነው?»

«እውነትዎን ነው፤» ይላል ወንዳፍራሽ ጥርሱን ነክሶ። «እባክዎ ዝም ይበሉ» ለማለት ድፍረቱ የለውም።

ትኬት ቆራጩ ደረሰና በፈረሳቸው ስም ጠራቸው፦ «አባ መብረቅ! እርስዎም አውቶቡስ ለመዱ?»

«መብረቅን ሸጬ ቦታ ገዛሁ፤» አሉ ራዲዮኑን ዘግተው። «ከእንግዲህ በእሱ ስም አትጥራኝ።»

እስከ እንጦጦ ትንፍሽ አላሉም። ወንዳፍራሽ የተመኘውን ጸጥታ ቢያገኝም ማንበብ ተሳነው። መጽሐፉን አጠፈና በፍርሃት ጠየቀ፦

«አባቴ፣ መብረቅ ሲሮጥ እንዴት ነበር?»