ያልተናገርኩባት ሦስት ደቂቃ

እኔ ንዴቴን ደብቄ መኖር አልችልም። ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ እንኳ ከስቶቭነር ሰፈር የሚሳፈሩት ፊቴን አይተው ነው ሰላም የሚሉኝ። ያን ቀን ግን አፌን ዘጋሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ነገሩ የአንድ አዳራሽ ጉዳይ ነው። ሊንደሩድ ሰፈር፣ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ ሥር፣ የኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር የሆነ አሮጌ አዳራሽ ነበረን። እኛ የወሎ ሰዎች ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ ነበር። የኦስሎ ቤት ምን ስፋት አለው? ሰው ሲሞት ደግሞ አገር ምድሩ ይመጣል፣ ያውም ሦስት ቀን ሙሉ። ደረጃው በጫማ ይሞላል፣ ጎረቤት ይከሰናል፣ ሐዘንተኛው እንባውን ጠርጎ ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል። አዳራሹ ከዚህ ጉድ አውጥቶን ነበር። ኮሙኑ ሊዘጋው ነው የሚል ወሬ ሲመጣም አልደነገጥንም። የሰፈሩ ምክር ቤት ውስጥ ልጃችን አለ አይደል!

ልጁ ግሮሩድ ሰፈር፣ ከእኔ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ያደገ ነው። ኳስ ተጫዋች ነበር። ኳሱ ግን እኛ የምናውቀው አይደለም፤ የአሜሪካኖቹ ነው፣ ሞላላ፣ በእጅ የሚወረወር። እሱ ኳርተርባክ ነበር፤ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ማለት ነው። አባቱ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ «በእጅ የሚጫወቱት ደግሞ ምን እግር ኳስ ነው?» እያሉ ይስቁበት ነበር። ልምምድ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፣ ከሥራ ስወጣ በደከመ ጉልበቴ፣ በዚያ በረዶ። በኋላ ጀርመን ሄዶ በደሞዝ ተጫወተ። ትከሻው ተጎድቶ ሲመለስ አንድ ፓርቲ በምርጫ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ አስገባው። እዚህ አገር ከምትፈልገው ሰው ስም ጎን ምልክት ካደረግክ ሰውየው ወደ ላይ ይወጣል። ቤት ለቤት ዞረን አስደረግንለት። ሽማግሌያችን፣ ሸሁ፣ ዱዓ አደረጉለት። ከግርጌ አንስተን ወንበር ላይ ያስቀመጥነው እኛ ነን።

የአዳራሹ ጉዳይ የሚወሰንበት ቀን ሸሁና እኔ፣ ሌሎችም አንድ አሥር የምንሆን፣ ስብሰባው ገባን። ከውሳኔው በፊት ነዋሪ የሚናገርበት ግማሽ ሰዓት አለ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። ንግግሬን በአገሬው ቋንቋ በኖርስክ ጽፌ፣ የሥራ ጓደኛዬ አርሞልኝ፣ በዩኒፎርሜ ኪስ ይዣለሁ። ሰብሳቢዋ «ከአዳራሹ ተጠቃሚዎች የሚናገር አለ?» ስትል ብድግ ልል ነበር። ሸሁ እጅጌዬን ያዙኝ።

«ተይ ልጄ፣ በባዕድ ፊት ልጃችንን አታሳጪው። እሱ ይናገርልናል።»

ይሉኝታ! ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ቪዛ ሳይጠየቅ አብሮን ኖርዌይ ገብቷል። ተቀመጥኩ። ልጁ ወደ እኛ አየ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለን። ከዚያ ማይኩን ሳበ።

«ተጠቃሚዎቹ እዚሁ ተቀምጠዋል» አለ በዚያ በሚያምር ኖርስኩ፣ «አንድም የተቃወመ የለም። መዘጋቱን እደግፋለሁ።»

ድምፅ ሲሰጥም እጁን አወጣ። ያንን እጅ እኮ ብርድ እንዳይነካው ጓንት አልብሼ ሜዳ ያደረስኩት እኔ ነኝ! ደሜ ፈላ። ውጭ ጠብቄ ያዝኩት።

«አንተ፣ ምን ማድረግህ ነው?»

«ታንቴ፣ ፓርቲው አስቀድሞ ወስኗል» አለኝ፤ ታንቴ የሚለኝ አክስቴ ማለቱ ነው። «ደግሞስ ለምን አልተናገራችሁም?»

ወላሂ፣ ጥፊ ቢያቀምሰኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ያልነው ለእሱ ክብር ነው፤ እሱ ዝምታችንን አንስቶ መልሶ እኛው ላይ ወረወረው።

አዳራሹ ከተዘጋ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሸሁ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላቸው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ እያወቅኩ «ምነው፣ ደህና ናችሁ?» አልኩ። እናቴ ደሴ ላይ አርፋ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ጢም አለ። ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የታችኛዋ ጎረቤት ሁለት ጊዜ ወጥታ ጫማውን አየች፣ ሁለተኛው ላይ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። እናቴን ማልቀስ ሲገባኝ «ድምፃችሁን ቀንሱ» እያልኩ ለቀስተኛ እቆጣለሁ። እንዲህ ያለ ውርደት አይቼ አላውቅም።

ልጁም መጣ። ውስጥ መግቢያ ስላልነበረ በር ላይ፣ ጫማው መሐል፣ ያን ሁሉ ቁመቱን ይዞ ቆመ። ለቅሶ የመጣ ሰው አይባረርም፤ ወጣሁለት።

«አላህ ያጽናሽ ታንቴ። ምን ላድርግልሽ?»

ዩኒፎርሜ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ከኪሱ ያን ቀን ያላነበብኩትን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት።

«አንብበው። ጮክ ብለህ።»

የታችኛዋ ጎረቤት በሯን ገርበብ አደረገች። ማንበብ ጀመረ፤ ስሜን፣ ሥራዬን፣ እዚህ አገር የኖርኩበትን ዘመን። ከዚያ «የዚህ ምክር ቤት አባል የሆነው ወጣት አባቱ የሞቱ ጊዜ፣ እናቱን ደግፈን የተቀመጥነው በዚህ አዳራሽ ነበር» የሚለው ላይ ደረሰ። ወረቀቱን ሊያጥፈው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ቀጥል» አልኩት። «ገና ሁለት ደቂቃ አለህ።»