መስመር ላይ ያረፈችው ኳስ

እርጅና ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን ቁጭ ባልኩበት ሁሉ የዚያች ኳስ ነገር ይመጣብኛል። ደክሞኛል። ልናገረውና ይውጣልኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ታናሽ እህቴ የአውራጃችን የሴቶች ሜዳ ቴኒስ አሸናፊ ነበረች። ሆሳዕና ደግሞ ምን ቴኒስ አለ ብሎ የሚስቅ ይሳቅ። በንጉሡ ዘመን ፈረንጆች ያበጁት አንድ የቀይ አፈር ሜዳ ነበረን፤ መረቡ የተጣጣፈ፣ መስመሩ በኖራ የሚሰመር። እሷ እዚያ ከወንዶቹ ጋር ስትጋጠም አደገች። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ የመስመር ዳኛም እኔው ነበርኩ።

አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ አንዲት ተጫዋች መጣች። ከሁለቱ ያሸነፈችው ለብሔራዊ ቡድን ተመርጣ ውጭ አገር ትሠለጥናለች ተባለ። እህቴ ያን ሰሞን ሁሉ እህል አልወርድ አላት። እንግዳዪቱ ያረፈችው ደግሞ እኛው ቤት ነው። እናቴ ከእንሰት ቡላ የሚሠራውን አታካና ቅቤ በቅቤ አድርጋ አቀረበችላት፤ እህቴ አልጋዋን ለቅቃላት መሬት ተኛች። እኛ ዘንድ እንግዳ እንዲህ ነው፤ ክርክር እንኳ ቢነሳ ለእሱ ይለቀቃል።

ከእንግዳዪቱ ጋር የመጣው ሰውዬ የተጋጣሚዋ እህት መሆኔን ሲሰማ ገላመጠኝ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ዳኛ የለም።

እኩል ለእኩል ሲሄዱ ቆይተው እህቴ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። መታችው። ኳሷ መስመሩ ላይ አረፈች፤ ኖራው ብን ሲል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለእህቷ አደላች ሊሉኝ ነው፣ እንግዳችንን ልናሳዝን ነው ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ውጭ» አልኩ።

እህቴ አልተከራከረችም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ኳስ በቅጡ ሳትመታ ተሸነፈች። እናቴ እንግዳዋን እስከ መናኸሪያ ሸኝታ ስትመለስ ትከሻዬን ይዛ «አላሳፈርሽንም» አለችኝ። ያቺ ልጅ በኋላ ትልቅ ተጫዋች ሆነች፤ ስሟ በሬዲዮ በተጠራ ቁጥር ሬዲዮኑን እዘጋዋለሁ።

እህቴ ዶዮገና ከተማ በአስተማሪነት ተመደበች። እውነቱን ልነግራት ስንቴ ተሳፍሬ ሄጃለሁ! ስለ ዝናቡና ስለ እንሰቱ አውርተን እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቷ ስደርስ ሴት ተማሪዎቿን ቴኒስ ታጫውታለች፤ መስመሩን በአመድ አስምራለች። አንዷ የመታችው ኳስ አመዱ ጠርዝ ላይ አረፈና ጭቅጭቅ ተነሳ። ልጆቹ ትልቅ ሰው ናት ብለው እንድፈርድ ለመኑኝ። አፌን ልከፍት ስል እህቴ ቀደመችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

«እሷን ተዉአት። እሷ ያየችውን አትናገርም።»

ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ ነጥቡን ለመታችው ልጅ ሰጥታ ጨዋታውን አስቀጠለች። እኔ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ይቅርታ አላልኳትም።