ወደ ቀኝ ለመዞር ግራውን መያዝ

መኪና መንዳት ያስተማረኝ ሰው የለም። ማንበብና መጻፍም እንደዚሁ ነው፤ ፊደል የለየሁት ከስሚንቶ ከረጢትና ከጭነት መኪና ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ወደ ቀበሌያችን መዝናኛ ክበብ የቴሌቪዥን ጨዋታ ሲመጣ፣ ያንንም በራሴ ተምሬ ከሀዋሳ አንደኛ መውጣቴ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው በዚሁ ጨዋታ ምክንያት ልታሰር መድረሴ ነው።

ጨዋታውን ያመጣው የሰፈራችን ልጅ የሆነ መርከበኛ ነበር። በሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይያያዛል፤ መኪና መጠምዘዣ አንድ እጀታና ነዳጅ መስጫ አንድ ቀይ ቁልፍ አለው። ሲከፈት አንዲት ከተማ ብቅ ትላለች። የምትታየው ከላይ ነው፣ አሞራ እንደሚያያት። መንገዷ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ግድግዳ። ትንሿ መኪና ከተማዋን ሦስት ጊዜ መዞር አለባት። ግድግዳ ከነካች አለቀልህ፤ ወንበሩን ለሌላ ተራኛ ትለቃለህ።

ያኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። በገበያ ቀን ፒክአፕ በጋሪዎች መሃል ሳሳልፍ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሳቸውን ትተው እኔን ነበር የሚያዩት። ሌሎቹ ተጫዋቾች ቁልፉን መጫን እንጂ መልቀቅ አያውቁም። ቀጥ ያለ መንገድ ላይማ ማንም ይነዳል። ሾፌር የሚለየው እግሩን ከነዳጅ ላይ መቼ እንደሚያነሳ በማወቁ ነው። እኔ ኩርባው ገና ሳይደርስ ቁልፉን እለቃለሁ፤ መኪናዋን ወደ ውጪኛው ግድግዳ አስጠጋና ከዚያ ወደ ውስጠኛው ጥግ አስገባታለሁ፤ ጥጉን ስታልፍ እንደገና ቁልፉን እጫናለሁ። እንዲህ ሲነዱት ጠባቡ መንገድ ይሰፋል። ሌላም ችግር አለ። መኪናዋ ወደ ታች፣ ወደ አንተ ስትመጣ ቀኟ ግራህ ይሆናል። ብዙ ጎበዝ የቀረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን የምነዳው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ሳይሆን መኪናዋ ውስጥ እንዳለሁ አድርጌ ነበር።

እሁድ እሁድ ከኋላዬ ቆሞ እጄን የሚያይ ሰው ሁሉ የዘዴዬ ሌባ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉም የምጠረጥረው የቀበሌውን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። መነጽር ያደረገ፣ የማይስቅ ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ይጋጫል። እጄን አያይም። ፊቴን ነበር የሚያየው።

የደረስኩበትን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ደብተር እጽፍ ነበር። ለማንም አሳይቼ አላውቅም። አንድ እሁድ ክበቡ ውስጥ ረስቻት ሄድኩ። በማግሥቱ ብፈልጋት የለችም። እዚያው ሻይ የምትሸጠውን ሴትዮ ጠየቅኋት።

«ደብተር አላየሁም» አለችኝ። «እኔ ማንበብ መች አውቃለሁ?»

«ማንበብ ለማይችልም ደብተር ይታየዋል» አልኳት።

ሳቀች። ሳቋን ጠረጠርኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ከፖስታ ቤት እስከ ሐይቁ ዳር ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጠረጠርኩ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጓድ ሊቀመንበር ይፈልጉሃል» አለኝ።

ክበቡ ውስጥ የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀምጠዋል። ሸምገል ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። አጠገባቸው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ቆሟል። ደብተሬ በእጁ ነው። ወሬ የሰማ አሥር የሚሆን ሰውም ግድግዳውን ተደግፏል።

«ይህ ጽሑፍ የማን ነው?» አለ ኃላፊው።

«የእኔ።»

«ማን አስጻፈህ?»

«ማንም። ከራሴ ጭንቅላት የወጣ ነው።» ይህን ስናገር ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ትክክለኛው መስመር አንድ ብቻ ነው። ወደ ቀኝ መዞር የፈለገ አስቀድሞ ግራውን ይያዝ። ጊዜው ሳይደርስ አይዙር። ግድግዳውን ይጠጋ እንጂ አይንካ። ሦስተኛው ላይ የቸኮለ ሁሉ አልቋል።»

የዛሬ ሰው በዚህ ውስጥ ምን ክፉ ነገር አለ ይል ይሆናል። በዚያ ዘመን ግራና ቀኝ የመንገድ ቃል ብቻ አልነበረም። ግራ አብዮተኛ ነው፤ ቀኝ ጠላት ነው። ትክክለኛው መስመር ደግሞ የፓርቲው ነው። ግራ መስሎ ገብቶ ጊዜ ጠብቆ ወደ ቀኝ የሚዞር ሰው ሰርጎ ገብ ይባላል፤ የሰርጎ ገብ መጨረሻም ይታወቃል። የራሴ ጽሑፍ በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ እኔም ራሴን ጠረጠርኩት።

«ስለ ጨዋታው ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ቀና ብለው አዩኝ። «ስማ ወንድሜ። ይህን እዚህ ካላስረዳህ ወደ በላይ አካል ነው የምልክህ። እዚያ ከሄድክ እኔ ላወጣህ አልችልም።»

«ላሳያችሁ» አልኩ።

ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ኃላፊው አጠገቤ ቆሞ ከደብተሩ እያነበበ፣ እኔም እንዳነበበው ነዳሁ። ግራውን ይያዝ ሲል ያዝኩ፤ ይጠጋ ሲል ተጠጋሁ። አነባበቡ ይዘገይ ስለነበር አንዳንዴ እኔው እቀድመው ነበር። ሦስቱንም ዙር ግድግዳ ሳልነካ ጨረስኩ። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም።

«እንግዲህ ነገሩ የጨዋታ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ገና ነው ጓድ» አለ ኃላፊው። «መስመሩ የተጻፈው ለመኪናው ከሆነ፣ መስመሩን ሲተው መጋጨት አለበት። ቀኝ ሲዞር ቀኙን ይያዝ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ እንየው።»

እንደታዘዝኩት ቀኙን ግድግዳ ይዤ ወደ ሦስተኛው ኩርባ ሄድኩ። እጄ ግን መጥፎ መንዳት አያውቅም። ኩርባው ሲቀርብ ሳላዘው ቁልፉን ለቀቀ፤ መኪናዋ እንደ ኤሊ እየተጎተተች፣ በግድግዳውና በራሷ መሃል ክር እንኳ በማያሳልፍ ክፍተት አለፈች። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሊሠራው አይችልም። ዞሬ ፈገግ አልኩ።

«አያችሁ?» አለ ኃላፊው። «መስመሩን ሳይከተልም አለፈ። ታዲያ ይህ መስመር የተጻፈው ለማን ነው?»

ሾፌርነቴ ምን ጉድ እንደሠራኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሻይ ሻጯ ከጓዳ በር ላይ ሆና ተናገረች። «ይሄ ሰውዬ እኮ በፊት ግድግዳ ሲመታ ነው የከረመው። ሁለት ወር ሙሉ። ሲመታ ይሳደባል፣ ከዚያ ይጽፋል። እኔ ነኝ የማየው።»

«መቼ ነው የመታሁት አንቺ?» አልኩ።

«ዝም በል» አሉኝ ሊቀመንበሩ። «ልታወጣህ ነው።»

ዝም አልኩ፤ ግን ሁለት ወር ያለችው ውሸት ነው። ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው።

«ድገመው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ቁልፉን ሳትለቅ።»

ደገምኩት። ቀኙን ያዝኩ፤ ቁልፉን ተጭኜ ቆየሁ። ጣቴ ልነሳ ልነሳ አለኝ። በሌላኛው እጄ አውራ ጣቴን ከላይ ጫንኩት። መኪናዋ ኩርባው ላይ ወጥታ በግንባሯ ግድግዳውን መታች፤ ቴሌቪዥኑም ያንን የግጭት ድምፁን አሰማ፣ ሌሎች ሲጋጩ እሰማው የነበረውን። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዞር ስል ኃላፊው ነው። ጥርሱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ተጋጨ ጓድ» አለ፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው።

ሊቀመንበሩ ደብተሬን ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ቤትህ ሂድ አሉኝ። ሄድኩ። ያን ቀን ቤቴ አደርኩ።

ሰርጎ ገብ ያለኝ ሰው ከዚያ በኋላ አልነበረም። ግን ወሬው በማግሥቱ መሃል ከተማ ደርሶ ጠበቀኝ፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ተጋጨ አሉ። ታዝዤ ነው፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብዬ አስረዳለሁ። «እሺ እሺ» ይሉኛል። ኃላፊው ማስረጃ ፈልጎ ነበር ወይስ እኔ ስጋጭ ማየት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው።

በሚቀጥለው እሁድ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ እሱ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ዛሬስ በማን ትእዛዝ ነው የምትጋጨው?» አለኝ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ክበቡ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ያለው ሕዝብ ሁሉ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁ፤ የሚጠብቀው እንዳልፍ አልነበረም። አለፍኩ። ማንም አላጨበጨበም።