«ትወደኛለች» ያልኩበት ከሰዓት

የምንኖረው በኬንያው ሞያሌ ነበር። የባሌ እህት ከኢትዮጵያው ሞያሌ ኬላውን ተሻግራ የምትመጣው ሻዬ ናፍቋት ሳይሆን ልጄን ልትመረምር ነው። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሰው ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። አንዴ ለቅሶ ቤት ገብቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሏል፤ እሷ ይህን ለስንት ዓመት ስታወራው ኖራለች።

እኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነበር። ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው። ልጄ ግን ስለ አንድ ሰው ሲያነሳ ብቻ ወደ ስዋሂሊ ይዞራል። በስዋሂሊ «መጣ»ም «መጣች»ም አንድ ቃል ነው፤ «አሜኩጃ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። አማርኛ ግን እሱ ወይስ እሷ የሚለውን ሳያስመርጥ አያናግርም። ለምን እንደሚዞር ገብቶኝ ነበር፤ አልጠየቅሁትም።

አንድ ከሰዓት የባሌ እህት ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ወንድሜ የጭነት መኪናው ላይ ነው የሚውለው የሚያድረው። ይሄ ልጅ ሴት አይቀርብ፣ ከወንድ ጋር ኳስ አይጫወት። ትምህርቱ ይቅርበትና ጎዶማ ገጠር ዘመዶቻችን ጋ ከብት ይጠብቅ፤ ሰው ይሆናል። ወንድሜም እሺ ብሏል።»

እኔን ማንም አላማከረኝም። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

«አንተ፣ እስቲ ንገረኝ። የምትወድህ አንዲት ልጅ እንኳ የለችም?»

መሬት መሬቱን እያየ «ዩፖ፣ አናኒፔንዳ» አላት።

እሷ ከስዋሂሊ የምታውቀው የሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው። ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?»

ልጄም አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አለች፣ ትወደኛለች ነው የሚልሽ» አልኳት።

«የማን ልጅ ናት?»

«እትዬ፣ ልጁን አታሳፍሪው። ሲደርስ ይነግርሻል።»

ፊቷ በራ። «አይ ዝምተኛው፤ ለካ አድብቶ ነው» አለች። ለባሌ እዚያው በአዲሷ ሞባይሏ ደወለችለት። ስትመለስም እስከ ኬላው ድረስ ላገኘችው ሁሉ አወራች። አፏ ለእኛ የሠራው ያን ቀን ብቻ ነው። ጎዶማ ዳግም አልተነሳም።

ልጄ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ በአማርኛ፣ «እማ፣ ይወደኛል ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ። ለእሷ ግን ያኛው ይበቃታል።»

እንደ ልማዱ ዘግይቶ ሳቀ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ትከሻዬ ቀለለኝ።

የባሌ እህት ዛሬም ሠርጉ መቼ ነው ትለኛለች። ቀሚስ አሰፍታ ከሆነ ብል ይብላው። ልጄ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሰው በስዋሂሊ አውርቶኝ አያውቅም። «መጣ» ይለኛል፤ እኔም «ምሳ በልቷል?» እላለሁ።