ኤሊ ላይ የታሰረችው መርከብ

ሊይዙኝ የመጡት መርከቧ ከጠፋች በኋላ ነው።

ቀየት ከተማ ላይ ዲሽ ቤት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። ኳሱ እስኪጀመር ሰው እንዳይሰለች አንድ የፈረንጅ ተከታታይ ኮሜዲ እከፍትና ማይክ ይዤ ባማርኛ እተረጉማለሁ። እተረጉማለሁ ስል ግማሹ ከራሴ ነው፤ ቋንቋውን የት አባቴ አውቀዋለሁ! ታሪኩ የባሕር ወንበዴዎች ነው፤ ግን ሥራው የማይሆንላቸው፣ ዶሮ እንኳ ሰርቀው የማያመልጡ ወንበዴዎች። ካፒቴናቸው ገና መርከብ ላይ ሲወጣ ያቅለሸልሸዋል። ያን ቀን አንድ ደሴት ላይ ወረዱ። መርከቧን እሰር የተባለው ሰውዬ ድንጋይ መስሎት ገመዱን ትልቅ ኤሊ ላይ ቋጠረው። ካፒቴኑ ዛፍ ሥር ጋደም እንዳለ ኤሊዋ ተነሥታ ባሕር ገባች፤ መርከቧም ተጎትታ ሄደች። ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ ፖሊሶች ገቡ።

አለቃቸው ራሱ ቆሞ ትንሽ አየ። ሊስቅም ዳድቶት ነበር። ከዚያ ሶኬቱን ነቀለና፣

"እዚህ ቤት ሰው ይሰበሰባል አሉ" አለኝ።

"ኳስ ሊያይ ነዋ!"

"እሱን እዚያ ትናገራለህ።"

እዚያ ያለው የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የነቀዘ ገብስና የሰው ላብ ሽታ አንድ ላይ ተቀበለኝ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር በተቀደደው ቆርቆሮ ነው። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ከሥር ገብቶ አጥንት ይበላል። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ የዓለም ከተማ መስመር ሹፌር ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠራ የኖረ ድምፀ ጎርናና ሰው። በሩ ሥር ቦታ ሰጠኝ። አዲስ ገቢ የሚተኛው እዚያ ነው፤ ንፋሱም የሽንት ባልዲውም እዚያ ናቸው።

አጠገቤ ጥቁር በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ እርስዎም አዲስ ነዎት?" አልኳቸው።

"ኧረ ቆይቻለሁ ልጄ። በሩን ወድጄው ነው።"

ከራቤል ወዲያ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። የተፈለገው ልጃቸው ነበር፤ እሱ ሲታጣ አባቱን ያዙ። "ልጅህ ሲመጣ ትወጣለህ" ተብለዋል። አንድ ለእናቱ ነው። ማለዳ ማለዳ እንዳይመጣ ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ። ደግሞ ድንገት ከመጣ ድምፁን ልስማ ብለው ከበሩ ሥር ንቅንቅ አይሉም። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቁት እንጃላቸው፤ አባትነት ነው መቼስ።

ከሰነበትኩ በኋላ አንድ አንጥረኛ አምጥተው ጨመሩብን፤ ከሽማግሌው አጥቢያ ነው። ሽማግሌው ለሽንት የወጡበትን ሰዓት ጠብቆ ወደ ካቦው ጠጋ አለና በሹክሹክታ፣ "ልጃቸው አርፏል። ከቀብሩ ስመለስ ነው የያዙኝ" አለ።

ሁላችንም ሰማን። ወይ ነዶ! በሩን አየሁት፤ በርኖሱን ቦታ መያዣ አድርገውት ነው የወጡት።

መርዶ በእኛ አገር ወግ አለው። እንደ ወሬ ጣል አይደረግም። አባት የሚረዳው ማለዳ ነው፤ ሽማግሎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ደጁ ቆመው፣ ወገን ከቦት፣ ራሱን እንዳይጥል ከግራ ከቀኝ የሚይዘው ሰው ተዘጋጅቶ። ከዚያ እሪ ይባላል፤ ጎረቤት ይሰማል። እዚያ መጋዘን ግን ጮክ ብሎ ማውራት እንኳ ያስመታ ነበር።

"እሪ የማይባልበት ቤት እንዴት ይረዷል?" አለ ካቦው። "እስኪፈቱ ትንፍሽ የለም። አንተ የዲሽ ቤቱ፣ እነዚያን ስትያዝ ታሳያቸው የነበሩ ወንበዴዎችህን አውራላቸው። ፊታችንን እንዳያዩት።"

ሲመለሱ ካቦው የራሱን ጥግ ለቀቀላቸው፤ ንፋስ የማይደርስበት፣ የክፍሉ ምርጥ ቦታ። "ኧረ እኔ በሩ ይሻለኛል" ቢሉም በስመ አብ ብለን፣ ለምነን፣ አቅፈን ወሰድናቸው። አንዱ ከቤቱ ከመጣለት ጭኮ ቆርሶ አጎረሳቸው። አንጥረኛው ለመጠጥ ከተሰጠን ውሃ ቀንሶ እግራቸውን አጠባቸው።

እኔም ጀመርኩ። አይ እኔ! ያለ ማይክ፣ ያለ ስዕል። ኤሊዋን በአራት እግሬ ድሄ አሳየኋቸው። ካፒቴኑ ሊነቃ ሲል ወንበዴዎቹ የሚያደርጉት ጠፋቸው። መርከብህ ሄደች ብሎ የሚነግረው ወንድ ታጣ። ስለዚህ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥተው አስቀመጡት። አንዱ ያራግብለታል፣ አንዱ ያጎርሰዋል፣ አንዱ እግሩን ያሻል። ዞር ሊል ሲል ተሸክመው መልሰው ያዞሩታል። የፖሊሶቹ አለቃ ሶኬቱን የነቀለብኝ እዚህ ላይ ስለነበር ከዚህ ወዲያ ያለውን አላውቀውም፤ ግን ሳቁ ስለያዘልኝ ማጎራረሱን እየደጋገምኩ አስረዘምኩት። ሽማግሌው በርኖሳቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ እንባቸውን በበርኖሳቸው ጠረጉ።

"ካፒቴኑ ምን አለ?"

"ምን ይላል አባባ፣ አያውቅማ።"

"ያውቃል እንጂ" አሉ። "ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ደግ ሲሆንለት እንዴት አያውቅም?"

አንጥረኛው አቀረቀረ። እኔ ኤሊ ሆኜ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ።

"በሩን ስታስለቅቁኝ ገብቶኛል" አሉ ሽማግሌው። "የሚመጣ ቢኖር ኖሮ በሩን አትከለክሉኝም ነበር።"

ካቦው አፉን ሊከፍት ሲል እጃቸውን አነሡ።

"ዛሬ እንዳትነግሩኝ። ማለዳ፣ በወጉ። ዛሬን ልጅ እንዳለው ሰው ልደር።"

ተነሥተው በርኖሳቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ተመለሱ። ጠጋ አልኩላቸው። ጎናቸውን ለብርዱ ሰጥተው፣ ጆሯቸውን በሩ ላይ አድርገው ተኙ። ካቦው አልተቆጣም።

ወፍ ሲንጫጫ ሁላችንም ቆመን ነበር። ጋቢ ያለው ጋቢውን፣ የሌለው ፎጣውን አዘቀዘቀ። እኔ ያለኝ ጃኬት ስለሆነ ወደ ታች ገልብጬ ደረብኩት። ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው፣ አማትበው ተቀመጡ። ሁለት ሰዎች ከግራ ከቀኝ ያዟቸው። ያ ተሳፋሪ ሲጠራ መናኸሪያ የሚያናውጥ ካቦ በሹክሹክታ ጀመረ።

"አባባ... ሰጪውም ነሺውም እግዚአብሔር ነው። ልጅዎን ወስዶታል።"

"ፍትሐት አግኝቷል?" አሉ።

"አግኝቷል አባባ" አለ አንጥረኛው። "ቄሶቹ ነበሩ። አፈር ያለበስሁት እኔው ነኝ።"

የበርኖሳቸውን ጫፍ ነከሱ። ድምፅ አልወጣቸውም፤ ሰውነታቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛም የየራሳችንን ጨርቅ ነክሰን አለቀስን። ለወለደኝ አባቴ እንዲያ አላለቀስኩም።

ጠባቂው ለቆጠራ በሩን ሲከፍት የተዘቀዘቀ ልብስ ደርበን ቆመን አገኘን። ዙሪያውን አየ።

"ማነው?"

"ልጃቸው" አለ ካቦው።

ቆቡን አወለቀ። "ቆጠራው ይቆይ" አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እኔ ተፈታሁ፤ ከኔ ቆይተው እሳቸውም ተፈቱ። ዲሽ ቤቱን መልሼ ከፍቼ ስሠራ አንድ ደንበኛ ያንኑ የወንበዴዎቹን ክፍል በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ማይኬን ይዤ መጨረሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ለካ ኤሊዋ ዞራ መርከቧን እየጎተተች ትመጣለች። ካፒቴኑ በመጨረሻ ዘወር ሲል መርከቧ ቦታዋ ላይ ናት፤ ምንም ሳያውቅ ይሳፈራል። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ማይኩን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። የሄደ ሲመለስ ማየት አልቻልኩም።

ለልጁ ሙት ዓመት ከራቤል ወዲያ ወረድኩ። ሽማግሌው በዚያው በርኖሳቸው ውስጥ አጥረዋል። ለቀስተኛው ተነሥቶ ሲሄድ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ ጠላ አስቀዱልኝ። በርኖሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣

"ለመሆኑ የዚያ ካፒቴን ነገር እንዴት ሆነ?" አሉኝ።

ጠላውን አየሁ።

"ማለዳ ነገሩት አባባ። ሁሉም ቆመው፣ በወጉ ነገሩት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ደግ አደረጉ" አሉ።