ከኋላ ጎማ ሥር ያለው ድንጋይ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ይፈተሽ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ክዳን ያለው ነገር አታምንም። ድስት ተከድኖ ከቀረበላት ከፍታ ታያለች፣ ታሸታለች፣ ማን እንደከደነው ትጠይቃለች። የታሸገ ስጦታ ካመጡላት ሰጪው ገና ሳይቀመጥ ትቀደዋለች። ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስተዋውቃት ሰላምታውን እንኳ ሳትመልስለት «እስቲ ኮፍያህን አውልቀው» አለችው። አወለቀ። መላጣ ነው። «ይኸው! ብዬ ነበር» አለችኝ፣ እኔ የማላውቅ ይመስል። ስንቆጣት መልሷ አንድ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ባሏ መስታወት ቆራጭ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ በአሮጌ ፒክአፗ ጭና ለየቤቱ ታደርሳለች። ሱቃቸው ያለው ቀጥ ባለ ዳገት መሃል ስለሆነ ፍሬን ለእነሱ ቀልድ አይደለም። አክስቴ መኪናዋን አዙራ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ ታቆማለች፣ የእጅ ፍሬኑን ትስባለች፣ ከዚያ ከወንበሯ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አውጥታ ከኋላ ጎማው ሥር ትወሽቃለች። ማርሽ አስገብታ ማቆም የሚባል ነገር የላትም። «ማርሽ ሳጥን ውስጥ ነው። መያዝ አለመያዙን በምን አውቃለሁ?» ትላለች። ይህን ለሹፌሮች ስትናገር ሹፌሮች እርስ በርስ ይተያያሉ።

የፒክአፗ የኋላ ፍሬን ታምቡር የሚባለው ዓይነት ነበር። ሸራዎቹ እንደተደፋ ድስት ባለ ብረት ውስጥ ተደብቀው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ውጭ ተገፍተው ብረቱን ከውስጥ ይይዙታል። አንድ ቀን ከአንዱ ጎማ የፍሬን ዘይት ሲንጠባጠብ ተገኘ። ታምቡሩ ሲከፈት ሸራው በዘይት ርሶ፣ ላስቲኩ ተበልቶ ከርሟል። አክስቴ ጭንቅላቷን ይዛ «ከእግሬ ሥር ተደብቆ ሲያለቅስ ከርሞ እኔ መስታወት ጭኜ እንሸራሸራለሁ!» አለች። ወዲያው አባቴ ዘንድ ሄደች። አባቴ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ መካኒክ።

«ይሄን ድስት አንሳልኝ። የኋላውንም እንደ ፊተኛው ዲስክ አድርግልኝ» አለችው።

«እታለም፣ ታምቡሩ ምንም አይል። ላስቲኩን ልቀይርልሽና…»

«አላየውማ! ዲስክ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው። ጎንበስ ብዬ ሸራው ማለቅ አለማለቁን አያለሁ።»

ባሏ አልወደደውም። «መኪናው እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ተፈጥሮውን አትነካኩ» አለ። እሷ እንደማትሰማው ሲያውቅ ደግሞ ጣቱን ቀሰረ፤ «እሺ፣ ያድርገው። አንድ ነገር ቢሆን ግን ወንድምሽ ሁለተኛ የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም።» ይህ ሰው አንዴ ካለ አለ ነው። የገዛ ወንድሙን በተዋሰው መሰላል የተነሳ እስከ ዛሬ አያነጋግረውም። አባቴን ደግሞ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው አክስቴ ናት፤ ከእሷ ሌላ እህት ወንድም የለውም። ስለዚህ አባቴ ያንን ፍሬን የጀመረው እጁ እየፈራ ነው።

ዲስኮቹንና የሚጨብጧቸውን ብረቶች ከተጋጨ መኪና ላይ አገኘ። አክስቴ ሰማች። «ማን ነበር የሚነዳው? ተርፏል? ፍሬኑ እንቢ ብሎት ከሆነስ?» ፍሬኑ እንቢ ብሎት ሳይሆን ሌላ መኪና ከጎን ገጭቶት መሆኑን ለማሳመን የተጨማደደውን መኪና ወስዶ አሳያት። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። ክሪኩ ሲገባ አየች፣ ታምቡሩ ሲወጣ አየች፣ አባቴ ቶርኖ ቤት ያሠራው መያዣ ሲታሰር እያንዳንዱን ቡሎን በጣቷ ነካች። የጋራዡ ሰዎች «ዛሬ ተቆጣጣሪ አለብን» እያሉ ይስቃሉ። አባቴ አልሳቀም።

«የኋላው ከፊተኛው ቀድሞ ቢይዝስ? አያዞረኝም?» አለችው።

«ለዚያ ነው ይቺን ቫልቭ የገጠምኩት። ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ትቀንሳለች።»

«ውስጧ ይታያል?»

«እታለም!»

ከፍሬን ዘይቱ ቱቦ አየር የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ተፈለገ። እሷ መርገጥ አልፈለገችም፤ አረፋው ሲወጣ ማየት አለባታ። እኔን ጠሩኝ። አባቴ ከታች ሆኖ «ርገጪ… ያዢ… ልቀቂ» ይላል፣ እሷ ከጎኑ ተንበርክካ «ገና አለ፣ ገና አለ» ትላለች። እግሬ ዛለ። በመጨረሻ ፔዳሉ ጠጠረ፤ ጭቃ ላይም አስፋልት ላይም ሞክረን መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። አክስቴ ፈገግ አለች። ከዚያ ጋራዡ በር ላይ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ድንጋዩን አውጥታ ወሸቀች።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። በየመንገዱ ያ ድንጋይ ከጎማው ሥር ሲታይ ወሬው መጣ። «የገዛ እህቱ ያላመነችውን ፍሬን እኛ እናምናለን?» ይሉት ጀመር ደንበኞቹ። አንድ ቀን ሱቋ ድረስ ሄዶ ከደጅ ቆሞ ለመናት።

«እታለም፣ ሁሉንም በዓይንሽ አይተሻል። አንድ ጊዜ እንኳ እመኚኝ።»

ብዙ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አወጣችና በእጁ ሰጠችው። «እንዳትጥለው» አለች ብቻ። አባቴ ወስዶ የጋራዡ በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አደረገው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ብዙም አልቆየ። የወጥ ቤቴ መስኮት ተሰብሮ መስታወት ላስቆርጥ ሱቃቸው ተቀምጬ ሳለ፣ አክስቴ ረጅሙን ቁልቁለት ወርዳ መጣችና እንደ ልማዷ አዙራ አቆመች። የእጅ ፍሬኑ ክርክርክር ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወርዳም መኪናዋን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት፤ ንቅንቅ አላለችም። ገብታ ሻይ ቀዳችልኝ። ሻዩን ጨርሰን ስለ ባሌ ራስ እየቀለደችብኝ ሳለ ከውጭ ጩኸት ሰማን።

ፒክአፗ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ነው። ከታች የፀጉር አስተካካዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ግማሽ ፂሙ የተላጨ ሰውዬ ሳይቀር ዘሎ ሮጠ። ደግነቱ የኋላ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ከወንበሩ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። የጫነችው መስታወት በሙሉ ረገፈ። ሰው አልተነካም።

አክስቴ ከሁላችንም ቀድማ ደረሰች። ተከትያት ስለነበር እጇን አየሁት፤ በሩን ከፍታ፣ የተሳበውን የእጅ ፍሬን ቶሎ ብላ ወደ ታች መለሰችው።

ባሏ መቁረጫውን እንደያዘ ደረሰ። «ፍሬኑ ነው! አላልኩም? ያ ወንድምሽ…»

«የእጅ ፍሬኑን ሳልስብ ረስቼ ነው» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ክንዴን ቆነጠጠችኝና በሹክሹክታ «ተከድኖ ይብሰል» አለችኝ። ይህን ከእሷ አፍ መስማቴ ከመኪናው ይልቅ አስደነገጠኝ። ባሏ ገብቶ የእጅ ፍሬኑን አየ፤ ወርዷል። እሷን ደግሞ ደጋግሞ አየ። ይፈተሽ ረሳች ማለት ዓሣ ዋና ረሳ እንደማለት ነው። ሰፈሩ ግን አመነና ሳቀባት፤ እሷም አቀርቅራ ተሳቀባት።

አባቴ አላመነም። መኪናዋን ከቦዩ ሊያወጣ ሲመጣ «ስበሽው ነበር» አላት። «ረስቼ ነው አልኩህ» አለች። እኔን ጠየቀኝ፤ እሷን ጠይቅ አልኩት። ያን ቀን ፒክአፗን ወስዶ ዲስኩ እስኪግል ቁልቁለት ለቁልቁለት ነዳት። ከዚያ ጋራዡ አጠገብ ያለው ዳገት ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ የአክስቴን ድንጋይ ከጎማው አንድ ስንዝር አርቆ አስቀመጠ። ተቀምጦም ጠበቀ። ዲስኩ ሲቀዘቅዝ ፒክአፗ ድምፅ ሳታሰማ ሸርተት ብላ ድንጋዩ ላይ አረፈች።

ዕድሜውን በሙሉ ታምቡር የለመደ ሰው ነው። ታምቡር ግሎ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሸራውን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ እሱን አንዴ መሳብ ይበቃል። ዲስክ ግን ሲቀዘቅዝ ስለሚሳሳ ሲግል የተሳበው ጭብጥ ይላላል። አክስቴ የእጅ ፍሬኑን እንደገና መሳብ ነበረባት። ይህን አልነገራትም፤ እሱም አላሰበውም ነበር።

በማግስቱ ድንጋዩን አቅፎ መስታወት ቤት ገባ። ባሏም እኔም ነበርን።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ስባው ነበር። ሲቀዘቅዝ ለቀቀ፤ ይህን ልነግራት ሲገባ አልነገርኳትም» አለ።

አክስቴ ከወንበሯ ተነሳች። «ረስቼ ነው አልኩ እኮ! አንተን ማን ጠየቀህ?»

«አንቺ አይደለሽ የተሸፈነ ፍሬን አልነዳም ያልሽው?»

ባሏ ወደ እሷ ዞረ። «ዋሸሽኝ?»

«ዋሸሁህ።»

«ለእሱ ብለሽ?»

«ታዲያ ለማን ብዬ ልዋሽ?»

ሰውዬው መቁረጫውን አስቀመጠ። አባቴ መባረሩን አውቆ ወደ በሩ መሄድ ጀምሮ ነበር። ባሏ ግን ድንጋዩን ከእቅፉ ወሰደ፣ ወጣ፣ ከፒክአፗ የኋላ ጎማ ሥር ራሱ ወሸቀው፤ በጫማው መታ መታ አድርጎም አጠበቀው። ተመልሶ ገባና ለአባቴ ወንበር ሳበለት።

አክስቴ ግን ለብዙ ጊዜ ወንድሟን አኮረፈችው። በሕይወቷ አንድ ነገር ብትከድን እሱኑ ገለጠባት።