የአኩራፊው ጀርባ

ማኩረፍ ሙያ ቢሆን ኖሮ አባቷ ዋና መምህሩ ይሆን ነበር። ሌላው ሰው ሲያኮርፍ ፊቱን ያጠቁራል፣ በር ያላትማል፣ ራት ሲቀርብ ይረሳዋል። እሱ ግን ወንበሩን አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዞርና ጀርባውን ለቤተሰቡ ሰጥቶ ይቀመጣል። በቃ! ሲያሻው ሳምንት፣ ሲያሻው ወር። የሚናገረውም በእናቷ በኩል ነው። «ለልጅሽ ንገሪያት፣ ሬዲዮውን ትቀንስ» ይላል፣ ልጅቷ እዚያው አጠገቡ ቆማ እየሰማችው። እናቷም ምስኪን ዞር ትልና፣ «ሬዲዮውን ቀንሺ ይልሻል» ትላለች።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እንግዲህ ውጭ ሕዝቡ፣ ቤት ቤተሰቡ ጀርባውን ሲያይ ኖረ ማለት ነው።

ልጁ ሠዓሊ ወጣች። ከቅጥነቷ የተነሳ «ጭራሮ» ያላት እሱ ነው። ሲያኮርፍ ግን ጭራሮም ትቀራለች፤ «ልጅሽ» ናት። መማሪያ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጥራ ሳንባና ኩላሊት ስትሥል ዓመታት ቆየች። አንድ ቀን ታላቅ እህቷ ከባሏ ተኳርፋ እያለቀሰች ደወለችላት። ምን ታድርግላት? ምሳ ሰዓት ላይ ቁራጭ ካርቶን አነሳችና ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከኋላው ሣለች፤ ኮፍያው ዘመም ያለ፣ ጆሮዎቹ ወደ ጎን ገለል ገለል ያሉ፣ ማጅራቱ ላይ ሁለት እጥፋት ያለው። ከሥሩ «እስከ መቼ?» ብላ ጽፋ ላከችላት። ባልየው ካርቶኑን ትራሱ ላይ ሲያገኘው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ታረቁ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! አንዷ ባልደረባዋ «እኔም ቤት አንድ አለልሽ፣ ሣዪልኝ» አለች። ሌላዋ ለአማቷ ፈለገች። ካርቶኑ ኩባያ ላይ ወጣ፣ ከኩባያው ወደ ጨርቅ ቦርሳ፣ ከቦርሳው ወደ ካኒቴራ ተሻገረ። «አኩራፊው» ብላ ስም አወጣችለት። የተጣላ ሁሉ እየገዛ ለተጣላው ይሰጥ ጀመር። መኝታ ቤቷ በሳጥን ተሞልቶ አልጋዋ ላይ ለመድረስ በጎን መሄድ ግድ ሲሆንባት፣ ሥራዋን ለቀቀች።

አባቷ ይህን የሰማ ዕለት ወንበሩን አነሳ። «ለልጅሽ ንገሪያት፣ ደመወዝ ጥሎ ኩባያ ላይ መሞነጫጨር የጤና አይደለም!» ምን እንደምትሞነጭር ግን አልጠየቀም። እሷስ በምን አፏ ትንገረው? ያኮረፈባት ጀርባ ራሱ መተዳደሪያዋ ሆኖ!

ነገሩ የከረረው ዕቃዋን የምታቀርብበት ባዛር ሲደርስ ነው። በየከተማው ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ አኩራፊውን ወደደችው። በባዛሩ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ውል እንደምትፈራረም፣ ካልሆነም መደርደሪያዎቿን ድመት ለሚሥል ሌላ ሰው እንደምትሰጥ ቁርጡን ተናገረች። እናቷ ደግሞ በበኩሏ ቁርጡን ነግራታለች። «ከአባትሽ አፍ እሺታ ሳትሰሚ ብትፈርሚ አልወድሽም። የሰው ጀርባ ሰርቆ መሸጥም ሌብነት ነው!» ልጅቷም ምላ ቃል ገባች። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ቀኑ ከች አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ከተማው በትከሻው አንጠልጥሎት የሚዞረውን ጀርባ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነበር። የዚያን ዕለት ቀትር ላይ ግን ሊስተካከል ወደ ፀጉር ቤት ሄደ። ከፊቱ የገባ ደንበኛ አኩራፊው የተሣለበትን ቦርሳውን ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ አንዴ ቦርሳውን፣ አንዴ የሽማግሌውን አንገት አየ። ሁለቱን እጥፋት፣ ከግራ ጆሮው ሥር ያለውን ጥቁር ነጥብ…

«ጋሼ! ይቺን ማጅራትማ እኔ ነኝ ምላጭ የማሳርፍባት!»

ልጅቷ ባዛሩ ላይ ገበታዋን ዘርግታ ሳለች እህቷ ደወለችላት። «እህት ዓለም፣ ጉድሽ ፈላ! አባባ አውቋል። ግማሽ ፀጉሩን ተላጭቶ ግማሹን ትቶ ተነሳ አሉ። እማዬን ይዞ ወደ አንቺ እየመጣ ነው።»

«ምን አለ?»

«ምንም። እሱ እኮ ነው የሚያስፈራው።»

ልጅቷ እንደ ሞኝ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ሥዕላቸውን ወደ ግድግዳ ታዞር ጀመር። ገዢው ደግሞ መልሶ ያዞራል። ካኒቴራዎቹን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ እናቷን ከሰው መሀል አየቻት። ከእናቷ ኋላ ኮፍያው መጣ።

አባቷ ገበታው ፊት ቆመ። አንድ ኩባያ አነሳና ከዓይኑ አስጠጋው። አጠገቡ የቆመች ወጣት ካኒቴራውን ባሏ ደረት ላይ ለክታ፣ «ይኸው አንተ! ቁርጥ አንተ!» እያለች በሳቅ ፈረሰች። ባልየውም ሳቀ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። የሽማግሌው መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ልጅቷ አየች። ምነው መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ አለች በልቧ። ነጋዴዋም ውሏን ይዛ ደርሳ ብዕር ከቦርሳዋ እያወጣች ነበር።

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለልጅሽ ንገሪያት» አለ ለእናቷ፣ «ፊቱ የት አለ በያት።»

«ፊቱ የት አለ ይልሻል» አለች እናቷ።

ልጅቷን የዚህን ጊዜ ሆድ ባሳት። ስንት ዓመት የታመቀ ነገር ገነፈለ። «ራስህ ጠይቀኝ፣ አባባ! ፊቱን ከየት ላምጣው? ባኮረፍክ ቁጥር የማየው ይሄንን ነው! ናፍቀኸኝ ስመጣ ያገኘሁት ይሄንን ነው! ያላየሁትን እንዴት ልሣል?»

ሳቁ ጠፋ። አባቷ ኩባያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ዞሮ ሄደ። ሲሄድ ያ ኮፍያ፣ እነዚያ ጆሮዎች፣ ያ ማጅራት ለሕዝቡ ታየ። ባለካኒቴራዋ ወጣት አፏን በእጇ ያዘች።

«እንዴ! ሰውየው ራሱ ነው?» አለች ነጋዴዋ።

«አባቴ ነው። እሺ ሳይለኝ አልፈርምም። ድመቱን ውሰጂ» አለቻትና ብዕሩን መለሰችላት። ከዚያ ሳጥን አነሳችና ኩባያዎቹን መክተት ጀመረች።

«መጣ!» አለች እናቷ።

ከበሩ ጥበቃ የተዋሰውን የፕላስቲክ ወንበር እየጎተተ ነው። እናቷ ወንበሩን ስታይ፣ «ወይኔ፣ ጭራሽ እዚሁ ሕዝብ መሀል ሊያኮርፍ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ሽማግሌው ወንበሩን ገበታው ፊት አስቀመጠ፣ አዞረ፣ መልሶ አስተካከለና ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ልጁ አድርጎ። ኮፍያውንም አወለቀ፤ ግማሹ የተላጨ፣ ግማሹ የተንጨባረረ ራሱ ወጣ። የሳቀ የለም።

«ጀርባውን ሽጪው» አላት። በእናቷ በኩል አይደለም፣ ለሷው ነው። «ድሮም የሕዝብ ነው፤ አውቶቡስ ላይ ሲያየው ኖሯል። ይሄኛው ግን ለሽያጭ አይደለም። ሣዪና ቤት ስቀዪው።»

ነጋዴዋ ውሉን ገበታው ላይ አደረገችላትና ራቅ ብላ ቆመች። ልጅቷ ግን አላየችውም፤ እርሳስ ነው ያነሳችው። የአባቷን ማጅራት ዓይኗን ጨፍና ትሥለዋለች። ፊቱ ላይ ግን ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ቅንድቡ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው? ከዓይኑ ሥር ያለው መስመርስ? እሱም በሰው መታየት አልለመደምና ዓይኑን የት እንደሚያሳርፈው ቸግሮታል፤ ጣሪያውን ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ ተመልሶ እሷን ያያል። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

«ምነው ቆምሽ?» አላት።

«ቆይ፣ አባባ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ቀስ ብለሽ፣ ጭራሮ» አላት። «አልዞርም።»